የፔሩው ፓኦሎ ጌሬሮ የሚገባውን ያህል ተወርቶለታል ወይ?

የሜዳ ጠርዝ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ደቡብ አሜሪካ አጥቂዎች ሲወራ ሱዋሬዝ፣ ካቫኒ፣ አጉዌሮ፣ ፋልካኦ ይነሳሉ። የፔሩው ፓኦሎ ጌሬሮ ግን ሁሌ ይዘለላል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው ይቺን ክር የከፈትኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

ለማያውቁት ባጭሩ። ጌሬሮ በ1984 የመጀመሪያ ቀን ሊማ ውስጥ ተወለደ። ኳስ የተማረው በአሊያንሳ ሊማ የታዳጊዎች ቡድን ነው። ከጄፈርሰን ፋርፋን ጋር አብረው ያደጉትም እዚያ ነው። ለአሊያንሳ ዋናው ቡድን አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይሰለፍ በ2002 ባየርን ሙኒክ ወሰደው። በሁለተኛው ቡድን ጎል እያገባ ቆየ፣ በ2004 ወደ ዋናው ወጣ። የ2005ንም የ2006ንም ሊግና የጀርመን ዋንጫ ከቡድኑ ጋር አነሳ። ከዚያ ሀምቡርግ፣ ከዚያ ብራዚል።

እኔ ግን መከራከር የምፈልገው ስለ ክለቡ አይደለም። ስለ ብሔራዊ ቡድኑ ነው። በ2011 ኮፓ አሜሪካ (የደቡብ አሜሪካ አገሮች ዋንጫ) 5 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ለሦስተኛ ደረጃ በተደረገው ጨዋታ ቬንዙዌላ ላይ ሐትሪክ ሠራ፣ ፔሩም 4 ለ 1 አሸነፈች። በ2015 ደግሞ 4 ጎል። ሩብ ፍጻሜ ላይ ቦሊቪያን ብቻውን በሦስት ጎል አሰናበታት። ኮከብነቱን ከቺሊው ኤድዋርዶ ቫርጋስ ጋር ተጋራ፣ ፔሩ እንደገና ሦስተኛ ወጣች። በ2019 በ3 ጎል ከብራዚሉ ኤቨርተን ጋር እኩል ጨረሰ። ፔሩም ፍጻሜ ደረሰች።

ይሄን ያደረገው ሜሲ ወይም ኔይማር ኳስ እያቀበሉት አይደለም። ከ1982 ወዲህ የዓለም ዋንጫ ያላየች አገር ማሊያ ለብሶ ነው። ዛሬ የፔሩ የምንጊዜም ግብ አግቢ እሱ ነው፣ ወደ 40 የሚጠጉ ጎሎች አሉት። ሁለተኛው ፋርፋን 27፣ የድሮው ኮከብ ቴዎፊሎ ኩቢያስ ደግሞ 26 ነው ያለው።

የኔ ሐሳብ ይሄው ነው፦ ጌሬሮን በክለብ ዋንጫ ከመዘናችሁት ታሳንሱታላችሁ። እስቲ ተከራከሩኝ።

የቡንደስሊጋ ወዳጅ

ሰላም ጠርዝ። ክሩ ደስ ይላል። ግን የፔሩ ትልቁ አጥቂ ክላውዲዮ ፒዛሮ ነው፣ አልደራደርም።

ፒዛሮ በቡንደስሊጋ 197 ጎል አለው። ለብዙ ዓመት ከውጭ አገር ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ነበር፣ በኋላ ነው ሌቫንዶቭስኪ ያለፈው። 40 ዓመት ሞልቶት ለቨርደር ብሬመን ጎል ያገባ ሰው ነው። ከባየርን ጋር በ2013 ቻምፒየንስ ሊግ በልቷል። ጌሬሮ እኮ ጀርመን ውስጥ በአንድ የውድድር ዘመን 15 የሊግ ጎል ደርሶ አያውቅም።

ለፔሩ ብዙ አላገባም ትሉኛላችሁ፣ እሺ፣ 20 ነው ያለው። ግን አጥቂ በየሳምንቱ የሚሠራው ሥራ አይቆጠርም እንዴ?

የሜዳ ጠርዝ

@የቡንደስሊጋ ወዳጅ፣ ፒዛሮን ማን ይንቃል ወንድሜ። አጨራረሱ የተማረ ነው። ግን ያነሳኸው ቁጥር ራሱ ለኔ ይመሰክራል። ፒዛሮ ብሬመን ላይ የሆነውን ያህል ሊማ ላይ ሆኖ አያውቅም። አምበል ነበር፣ ሕዝቡ ግን ለዓመታት ሲያማው ኖረ። የዓለም ዋንጫም ሳይጫወት ጫማ ሰቀለ። ለ2018ቱ የፔሩ አሠልጣኝ ጋሬካ አልጠራውም።

ጌሬሮ ግን ያን ማሊያ ሲለብስ ሌላ ሰው ይሆናል። ጀርባውን ለተከላካይ ሰጥቶ፣ ረጅም ኳስ በደረቱ አብርዶ፣ ለቡድን ጓደኞቹ ለኩዌቫና ለካሪዮ ያመቻቻል። ቡድኑ የሚተነፍሰው በሱ ነው። ሁለት ተከላካይ ተሸክሞ ቅጣት ምት ያስገኝላቸዋል። ይሄ በጎል ሠንጠረዥ ላይ አይታይም።

ሀምቡርግ ነዋሪ

እኔ የምኖረው ሀምቡርግ ነው፣ ስለዚህ የእኛን ዘመን ልንገራችሁ። እዚህ ስለ ጌሬሮ ከጠየቃችሁ ሰዉ ሁለት ነገር ይነግራችኋል።

አንደኛው ጠርሙሱ ነው። ኤፕሪል 2010፣ ከሀኖቨር ጋር በሜዳችን 0 ለ 0 ወጣን። ሰዉ ተናዶ ነበር። ጌሬሮ ከሜዳ ሲወጣ አንድ ደጋፊ ሰደበው፣ እሱም የያዘውን የውሃ ፕላስቲክ ፊቱ ላይ ወረወረበት። 5 ጨዋታ ታገደ። ሁለተኛው ማርች 2012 ነው። የሽቱትጋርቱን በረኛ ስቬን ኡልራይሽን ከኋላ መጥቶ እግሩን መታው። በረኛው ኳሷን ይዞ ወደ ኮርነሩ ባንዲራ እየሸሸ ነበር፣ ጎል ከሚገባበት ቦታ ጋር ምንም የሚያገናኝ ነገር የለውም። 8 ጨዋታ። እሱን እኔም ይቅር አልልም፣ የሰው እግር ነው።

ግን ሦስተኛውን ማንም አያነሳም። ጌሬሮ አውሮፕላን ይፈራል። በ2010 መጀመሪያ ላይ ጉልበቱን ታክሞ ከሊማ መመለስ ነበረበት፣ መሳፈር አቅቶት ዘገየ። ጋዜጦቹ ያኔ ሰነፍ ነው፣ ሊማ ለምዶበት ነው ብለው ጻፉ። ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ለ@የቡንደስሊጋ ወዳጅ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስህ። የ2009 የዩኤፋ ካፕ (የክለቦች ውድድር፣ የዛሬው ዩሮፓ ሊግ) ግማሽ ፍጻሜ ሀምቡርግና ብሬመን ነበሩ። ጌሬሮ ከኛ፣ ፒዛሮ ከነሱ። በመልሱ እኛ ሜዳ ላይ ፒዛሮ አገባብን። ከዚያ ደጋፊ የወረወረው የወረቀት ኳስ ሜዳ ላይ ተኝቶ፣ የኛ ተከላካይ ወደ በረኛው ሊመልስ ሲል ኳሷ እሱን ነክታ ዘለለችና ኮርነር ሆነ። ከዚያ ኮርነር ባውማን አገባ። 3 ለ 2፣ በሜዳ ውጪ ጎል ወጣን። ያቺ ወረቀት እስከ ዛሬ ብሬመን ሙዚየም ውስጥ አለች።

ጨረቃ ሜዳ

ስለ አውሮፕላኑ ጥያቄ አለኝ። ለምንድነው የሚፈራው? አደጋ ደርሶበት ነው?

አንጋፋው

@ጨረቃ ሜዳ፣ ልጄ፣ ይሄን እኔ ልመልስልህ።

ዲሴምበር 8 ቀን 1987 ነው። አሊያንሳ ሊማ ፑካልፓ ሄዶ፣ 1 ለ 0 አሸንፎ ይመለስ ነበር። የተሳፈሩት የባሕር ኃይሉ ፎከር አውሮፕላን ላይ ነው። ሊማ አጠገብ ካያዎ ጋ ሲደርሱ፣ ለማረፍ ጥቂት ሲቀር፣ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ከ44 ሰው አብራሪው ብቻ ተረፈ። ተጫዋቾቹ ባብዛኛው ገና ለጋ ልጆች ነበሩ፣ ሊጉን እየመሩ ነበር።

የቡድኑ በረኛ ሆሴ ጎንዛሌስ ጋኖሳ፣ ሕዝቡ ካይኮ የሚለው፣ የጌሬሮ እናት ወንድም ነው። ጌሬሮ ያኔ ገና 4 ዓመት አልሞላውም። እንግዲህ በዚያ ቤት ነው ያደገው። እናቱ ወንድሟን በአውሮፕላን አጥታለች፣ ልጇ ደግሞ እንጀራው በአውሮፕላን የሚያስዞር ሆነ።

እኛ አፍሪካውያን ይሄን ሐዘን እናውቀዋለን። የዛምቢያ ብሔራዊ ቡድን በ1993 ጋቦን ባሕር ላይ እንዲሁ አለቀ።

ከአደጋው በኋላ አሊያንሳ ሰው አልነበረውም። የቺሊው ኮሎ ኮሎ ተጫዋቾች አዋሰው። ቺሊና ፔሩ በኳስ እንዴት እንደሚጣሉ ለምታውቁ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቴዎፊሎ ኩቢያስም ጫማውን ከሰቀለበት አውርዶ ሊረዳቸው መጣ።

ኩቢያስን ካነሳሁ አይቀር፣ ጠርዝ፣ አንተን ልገስጽህ። 26 ጎል ብለህ ብቻ ማለፍ አይገባም። በ1970 ዓለም ዋንጫ 5፣ በ1978ም 5። በ1978 ስኮትላንድ ላይ በቀኝ እግሩ ውጭኛ ጎን የመታትን ቅጣት ምት ያየ ሰው አይረሳም። በ1975 ኮፓ አሜሪካን የበላው ቡድን አባል ነው። ከሱ በፊት ደግሞ ሎሎ ፈርናንዴዝ አለ። በ1936 በርሊን ኦሎምፒክ ፊንላንድ ላይ ብቻውን 5 አገባ። ያኔ ፔሩ ኦስትሪያን 4 ለ 2 አሸንፋ ጨዋታው ይደገም ቢሏት፣ አንደገምም ብላ ጥላ ሄደች። የፔሩ አጥቂ ታሪክ በጌሬሮ አልተጀመረም።

የሜዳ ጠርዝ

ጋሼ አንጋፋው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ኩቢያስ ያሉትን እቀበላለሁ፣ በተሰጥኦ ማንም አይደርስበትም። ኩቢያስ ግን አጠገቡ ሶቲል፣ ቹምፒታስ፣ ኩዌቶ ነበሩ። ያ ትውልድ ነበር። ጌሬሮ የመጣው ፔሩ ማጣሪያውን ታች ሆና መጨረስ በለመደችበት ዘመን ነው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ካይሮ ያለሁት

የክለቡን ነገር ጠርዝ ቸኩሎ አለፈው። 2012ን ማንሳት አለብን።

ዲሴምበር፣ ጃፓን፣ የክለቦች ዓለም ዋንጫ። ግማሽ ፍጻሜው የግብጹ አል አህሊና የጌሬሮ ክለብ የብራዚሉ ኮሪንቲያንስ ነበሩ። ካይሮ ውስጥ የአህሊ ሰፈር ውስጥ ነው የምኖረው፣ ያን ቀን መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። የዚያን ዓመት ፌብሩዋሪ ፖርት ሳይድ ላይ ከ70 በላይ ሰው ሞቷል፣ አብዛኛው የአህሊ ደጋፊ። ሊጉ ቆሟል። ቡድኑ ሊግ ሳይጫወት የአፍሪካን ቻምፒዮንስ ሊግ አንስቶ ነው ጃፓን የሄደው። ከዚያ ጌሬሮ በመጀመሪያው አጋማሽ በጭንቅላት አንድ አገባ፣ አለቀ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የአህሊው ኮከብ አቡትሪካ ገብቶ አህሊ እላያቸው ላይ ተቀመጠባቸው፣ ግን አልገባም።

አራት ቀን ቆይቶ ዮኮሃማ ላይ ቼልሲ። 69ኛው ደቂቃ ላይ ዳኒሎ የመታት ኳስ ተከላካይ ነክታ ወደ ላይ ጎነች። ጌሬሮ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰባት። መስመሩ ላይ የቆሙትን አልፋ በጭንቅላት ገባች። 1 ለ 0። ከዚያ በኋላ የቼልሲን ኳስ ሁሉ በረኛው ካሲዮ በላው።

እኔ ያን ቀን ለአህሊ ስል ተቆጥቼበት ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ አንድም የደቡብ አሜሪካ ክለብ ያንን ዋንጫ አላነሳም። ግማሽ ፍጻሜውንም ፍጻሜውንም የጨረሰው ይሄ ሰው ነው። ይሄ ትንሽ ነገር ነው?

የቡንደስሊጋ ወዳጅ

ይቺን እሰጠዋለሁ። በሁለት ጨዋታ ሁለት ጎል፣ ሁለቱም 1 ለ 0። ትልቅ አጥቂ እንዲህ ነው።

ሕግ አጥኚ

ስለ ጌሬሮ ተወርቶ የ2017ቱ ጉዳይ ሳይነሳ መቅረት የለበትም። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ኦክቶበር 5፣ ቦነስ አይረስ፣ ቦምቦኔራ ስታዲየም፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ። ፔሩ ከአርጀንቲና ጋር 0 ለ 0 ወጣች። ከጨዋታው በኋላ ጌሬሮ ለአበረታች ቅመሞች ምርመራ ሽንት ሰጠ። ውጤቱ የታወቀው ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። በመሀሉ፣ ኦክቶበር 10፣ ሊማ ላይ ከኮሎምቢያ ጋር የመጨረሻው የማጣሪያ ጨዋታ ነበር። የኮሎምቢያው ሐሜስ አግብቶ ፔሩ እየተመራች ነው። 76ኛው ደቂቃ ላይ ቅጣት ምት ተገኘ። ዳኛው እጁን ወደ ላይ አንስቷል፤ ሌላ ተጫዋች ሳይነካት በቀጥታ ብትገባ አትቆጠርም። ጌሬሮ ግን በቀጥታ ወደ ጎል መታት። በረኛው ኦስፒና ሊያድን ብሎ ነካት፣ ገባች፣ ተቆጠረች። ዝም ብሎ ቢያሳልፋት ኖሮ ፔሩ ወጥታ ነበር። 1 ለ 1 አለቀ። ቺሊ በነጥብ እኩል ሆና በጎል ክፍያ ተበልጣ ቀረች። ፔሩ ከኒውዚላንድ ጋር ለደርሶ መልስ አለፈች።

ከዚያ ዜናው መጣ። ሽንቱ ውስጥ ኮኬይን ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ የሚቀረው ንጥረ ነገር ተገኝቷል። መጠኑ በጣም ትንሽ ነው። ጌሬሮ ሆቴል ውስጥ ሻይ ጠጥቻለሁ፣ በኮካ ቅጠል የተበከለ መሆን አለበት አለ። ጠበቆቹ ዩያያኮ ተራራ ላይ የተገኙትን የ500 ዓመት የኢንካ ልጆች አስከሬን ሳይቀር ማስረጃ አድርገው አቀረቡ። ክርክራቸው ይሄ ነው፦ ኮኬይን የሚባለው ዱቄት ከመሠራቱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ቅጠሉን ያኘኩ ሰዎች ላይም ያው ንጥረ ነገር ተገኝቷል።

ፊፋ በዲሴምበር አንድ ዓመት አገደው። ይግባኝ ብሎ ወደ 6 ወር ወረደለት። ያንን ጨርሶ በሜይ 2018 ለብራዚሉ ፍላሜንጎ መጫወት ጀመረ። ግን የዓለም የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ ዋዳ፣ ቅጣቱ አነሰ ብሎ ወደ ስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ወሰደው። ጌሬሮም በበኩሉ ነፃ ልውጣ ብሎ ይግባኝ ብሎ ነበር። ሜይ 14 ቀን፣ የዓለም ዋንጫው አንድ ወር ሲቀረው፣ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን 14 ወር አደረገው።

ውሳኔው ውስጥ ያለውን ልብ በሉ። ዳኞቹ አቅሙን ለመጨመር ብሎ እንዳልወሰደ ተቀብለዋል። ጥፋቱም ትልቅ አይደለም ብለዋል። ግን ትንሽም ቢሆን ጥፋት አለበት፣ መጠንቀቅ ይችል ነበር አሉ። በሕጉ መሠረት ትንሽ ጥፋት ካለ ዝቅተኛው አንድ ዓመት ነው። ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም።

ፅጌ ዘ ሐረር

@ሕግ አጥኚ፣ ወንድሜ በጣም ጥሩ አስረዳኸን። እኔ ግን ፍርዱ ሲከነክነኝ ኖሯል።

ኮካ ቅጠል እዚያ አገር በሕግ የተፈቀደ ነው። ኩስኮ ሄዶ ከፍታው ራሱን ያዞረው እንግዳ ሁሉ የኮካ ሻይ ነው የሚሰጠው። እኛ ሐረር ጫት በየቤቱ እንደሚገኘው ማለት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን ደግሞ ለውድድር ከመጠን በላይ ከተገኘ ዋዳ ይከለክለዋል። የኛ ልጆች ይሄን ማወቅ አለባቸው። ግን ለካቲን የመጠን ጣራ አለው፣ ከዚያ በታች ከሆነ አትቀጣም። ለኮካ ለምን ጣራ አልተደረገም? የአንድ ሕዝብ የሺህ ዓመት ባህል ላይ ያለ ቅጠል ነው። በዚያ ላይ ዳኞቹ ራሳቸው ሆን ብሎ አይደለም ብለው 14 ወር ይሰጡታል። 34 ዓመቱ ነው። ሌላ ዓለም ዋንጫ የለውም።

ሕግ አጥኚ

@ፅጌ፣ እህቴ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። የሕጉ አስተሳሰብ ግን እንዲህ ነው፦ ሰውነትህ ውስጥ ለገባው ነገር ተጠያቂው አንተ ነህ። ያ ካልሆነ ሁሉም ሻይ ጠጣሁ ይላል። እኔ በዚህ እስማማለሁ። የማልስማማው በዝቅተኛው ቅጣት ነው። ዳኛ ጥፋቱ ትንሽ ነው ብሎ እያመነ እጁ ሊታሰር አይገባም። ከ2021 ጀምሮ ዋዳ ራሱ ሕጉን አለዝቧል። ከውድድር ውጪ የተወሰደ ኮኬይን ከስፖርቱ ጋር ካልተያያዘ ቅጣቱ 3 ወር ሊሆን ይችላል። ለጌሬሮ ዘግይቶ መጣ።

ሀምቡርግ ነዋሪ

ጠርሙስና ኡልራይሽ ላይ ያመረርኩበት ሰው ነኝ፣ እዚህ ላይ ግን ከፅጌ ጋር ነኝ። ለሁለቱ ጥፋቶች ጥፋተኛ ነበር፣ ተቀጣ፣ ተገቢ ነው። ባላወቀው ነገር ግን የሰው ዕድሜ አይቀማም።

የሜዳ ጠርዝ

ቀጥሎ የሆነውን ነው እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው።

ያለ ጌሬሮ ኒውዚላንድን ሊማ ላይ 2 ለ 0 አሸነፉ። የመጀመሪያውን ጎል ያገባው የልጅነት ጓደኛው ፋርፋን ነው። የጌሬሮን 9 ቁጥር ማሊያ ይዞ አለቀሰ። ፔሩ ከ36 ዓመት በኋላ ዓለም ዋንጫ ገባች። አሠልጣኙ ሪካርዶ ጋሬካ አርጀንቲናዊ ነው። በ1985 ለአርጀንቲና ተጫዋች ሆኖ ፔሩ ላይ ያስቆጠራት ጎል ናት የ1986ቱን ቀጥተኛ ትኬት ከፔሩ የወሰደችው። በኋላ ደግሞ እሱ ራሱ ዓለም ዋንጫ አገባቸው።

የ14 ወሩ ፍርድ ሲመጣ፣ በምድቡ ከፔሩ ጋር የተደለደሉት የሦስቱ አገሮች አምበሎች ለፊፋ ደብዳቤ ጻፉ። ሁጎ ሎሪስ ከፈረንሳይ፣ ሲሞን ኬር ከዴንማርክ፣ ማይል ጄዲናክ ከአውስትራሊያ። ተጋጣሚያቸው ናቸው እኮ! እሱ ባይኖር የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው። ይጫወት አሉ። ጌሬሮም ዙሪክ ሄዶ ኢንፋንቲኖን አነጋገረ። ፊፋ ምንም ማድረግ አልቻለም። በመጨረሻ ሜይ 31 የስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቅጣቱን ለጊዜው አገደለት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር በወዳጅነት ጨዋታ ሁለት አገባ።

ዴንማርክ ላይ ተቀይሮ ገባ። በተረከዙ የመታት ኳስ ቋሚውን ታክካ ወጣች። ኩዌቫ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ፈረንሳይ ላይ ሳጥን ውስጥ ገብቶ መታ፣ ያዳነበት ሎሪስ ነው፣ ደብዳቤውን የፈረመው። 1 ለ 0፣ ምባፔ። ሁለት ጨዋታ፣ ሁለቱንም በአንድ ጎል፣ ምድቡን ሳይጨርሱ ወጡ። ከዚያ ሶቺ ላይ አውስትራሊያ። ለካሪዮ አመቻቸለት፣ ካሪዮ ሳያቆማት ለግቶ አገባ። ከእረፍት በኋላ ራሱ በግራው ሁለተኛውን። 2 ለ 0። ፔሩ ከ1978 ወዲህ በዓለም ዋንጫ ያሸነፈችው የመጀመሪያ ጨዋታ።

ስለ ጨዋታው ብቻ ከሆነ ምድቡን ያላለፈ ቡድን ነው። ግን ያን አንድ ጎል ለማግባት ያ ሰው በአራት አካላት ፊት ቆሟል፤ ከፊፋ የዲሲፕሊን ኮሚቴ እስከ ፌዴራል ፍርድ ቤት። የኔ ክርክር ሙሉ በሙሉ እዚህ ነው ያለው።

ጨረቃ ሜዳ

ስታነቡት ፀጉር ያቆማል። ከዚያስ? ቅጣቱ ቀረለት ማለት ነው?

ሕግ አጥኚ

አልቀረለትም። በኦገስት እግዱ ተነሳና ቀሪውን ቆጥሮ ጨረሰ። ለብራዚሉ ኢንተርናሲዮናል ፈርሞ እስከ ኤፕሪል 2019 ሳይጫወት ተቀመጠ። ሲመለስ በዚያው ዓመት ኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ ደረሰ። በምድቡ ብራዚል 5 ለ 0 ያሸነፈችው ቡድን ነው። ሩብ ፍጻሜ ላይ ኡራጓይን በመለያ ምት፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ቺሊን 3 ለ 0፣ ሦስተኛዋ የጌሬሮ። ማራካና ላይ ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። ብራዚል በዚያ ውድድር ላይ የገባባት ብቸኛ ጎል እሷ ናት። 3 ለ 1 ተሸነፉ።

የቡንደስሊጋ ወዳጅ

ከ2020 በኋላስ? የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ነበር፣ ያኔ አበቃ ብዬ ነበር እኔ።

ካይሮ ያለሁት

ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ ነበር። ኢንተርናሲዮናልን ለቆ እዚያው ብራዚል አቫይ፣ ከዚያ አርጀንቲና ራሲንግ። በ2023 አጋማሽ ኢኳዶር ሊጋ ዴ ኪቶ ገባ። ኪቶ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ጎልማሳ አጥቂ እዚያ መሮጥ ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ልጅ ይገባዋል። በዚያው ዓመት የደቡብ አሜሪካን ሁለተኛ የክለቦች ዋንጫ ኮፓ ሱዳሜሪካናን፣ የብራዚሉን ፎርታሌዛ በመለያ ምት አሸንፈው አነሱ፣ የኢኳዶርን ሊግም ጨመሩ። በ39 ዓመቱ!

በ2024 መጀመሪያ ለፔሩው ሴሳር ቫዬሆ ፈረመ። ክለቡ ትሩሂዮ ነው ያለው፣ በወንበዴ ቅሚያ የተቸገረ ከተማ ነው። እናቱ ላይ ዛቻ መጣ ተብሎ ውሉ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ነው አሊያንሳ የገባው።

አንጋፋው

እዚህ ላይ ቆም በሉ ልጆቼ። በ18 ዓመቱ ከአሊያንሳ የታዳጊ ቡድን ወጥቶ፣ ለዋናው ቡድን የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረገው በ40 ዓመቱ ነው። አጎቱ በር በጠበቀበት ክለብ። በረኛ የነበረው ካይኮ ሲሞት 33 ዓመቱ ነበር፣ የእህቱ ልጅ ከሱ በ7 ዓመት በልጦ ያንኑ ማሊያ ለበሰ።

ፅጌ ዘ ሐረር

ጋሼ፣ እናቱን አሰብኳት። ዶኛ ፔታ የሚሏት፣ በየስታዲየሙ የምትታየው። በዚያ ፍርድ ጊዜ በየካሜራው ፊት ለልጇ የምትሟገተው እሷ ነበረች።

የሜዳ ጠርዝ

አዎ፣ ከጠበቆቹ በላይ እሷ ነበረች የምትናገረው።

@ጨረቃ ሜዳ፣ አሊያንሳ ውስጥ ከሱ ጋር የነበረው ሌላ አጥቂ አርጀንቲናዊው ኤርናን ባርኮስ ነው፣ እሱም የ1984 ልጅ። ሁለት አርባ የሞላቸው አጥቂዎች በአንድ ቡድን። በፌብሩዋሪ 2025 ይሄ ቡድን ነው ቦካ ጁኒየርስን ቦምቦኔራ ላይ በመለያ ምት ከሊበርታዶሬስ (የደቡብ አሜሪካ ትልቁ የክለቦች ዋንጫ) ያስወጣው። ያቺ ሽንት የተሰጠችበት ሜዳ ላይ።

የቡንደስሊጋ ወዳጅ

እኔ አሁንም በአጨራረስ ፒዛሮን እመርጣለሁ። ለአንድ ጨዋታ፣ ለፔሩ፣ ፔሩ መሸነፍ በማትችልበት ቀን ግን ጌሬሮን አሰልፋለሁ። @አንጋፋው፣ እርስዎስ? ኩቢያስን ከጌሬሮ ጋር አብረው ቢያሰልፏቸው ማን ከፊት ይሆናል?

አንጋፋው

ጌሬሮ ከፊት፣ ኩቢያስ ከኋላው። ኩቢያስ መሀል ለመሀል ነው የሚጫወተው፣ ኳሷን እያየ ነው የሚመጣው። ጌሬሮ ተከላካዩን ይይዝለታል፣ በደረቱ አብርዶ ወደ ኋላ ይተውለታል። ግራውን ለሶቲል እሰጣለሁ። ፋርፋንን ቀኝ። ፒዛሮን ደግሞ ከእረፍት በኋላ፣ ተከላካዮቹ ሲደክሙ፣ አስገባዋለሁ።